የሚያየውና የሚታየው፦ አካል ጉዳተኞች በሙከራ ቲያትር መድረክ

ባለፈው ዓመት በድራማ ክበባችን አንዲት አጭር ተውኔት አዘጋጅተን ነበር። በተውኔቷ ውስጥ አንድ ዐይነ ስውር አባት አሉ። የእኚህን አባት ክፍል የያዘው ጓደኛችን ዐይኑ ደኅና የሚያይ ልጅ ነው። ታዲያ ምን አለፋችሁ፣ ዐይኑን ጨፍኖ፣ እጁን ወደ ፊት ዘርግቶ፣ ወንበር እየገጨ፣ ብርጭቆ እየጣለ መድረኩን ዞረው። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። መጨረሻ ላይ አባትየው ሲያለቅሱ ደግሞ ያ ሁሉ የሳቀ ሰው ከንፈሩን መጠጠ። እኛም ሥራችን ሰመረ ብለን ደስ ብሎን ወጣን።

በር ላይ አብሮን የሚማር አንድ ዐይነ ስውር ጓደኛችን ቆሞ ጠበቀን። «አባትየው ያሉት በገዛ ቤታቸው ውስጥ ነው አይደል?» አለን። አዎን አልነው። «ታዲያ ለምንድን ነው ወንበሩን የሚገጩት? እኔ የቤቴን ወንበር ገጭቼ አላውቅም እኮ።» መልስ አልነበረንም። ቀጥሎ የጠየቀን ደግሞ የባሰ ነበር፤ «ያን ሁሉ ጊዜ ስትለማመዱ አንዳችሁም እኔን መጠየቅ አላሰባችሁም?»

እንግዲህ ይህች ጽሑፍ የተወለደችው ከዚያች የበር ላይ ጥያቄ ነው። ጥፋታችን ከየት እንደ መጣ ለማወቅ ብለን ስናነብ፣ ስንከራከር ከረምን። ያገኘነው ታሪክ ሰፊ ስለሆነ ሁሉንም እዚህ ማስፈር አይቻልም። ስለዚህ አንዲት ክር ብቻ ይዘን እንጓዛለን፦ በመድረክ ላይ የሚያየው ማን ነው? የሚታየውስ? የሚታየው ሰው እንዴት እንደሚታይ የመወሰን ሥልጣን አለው ወይ? አንባቢያችን እንዳይሳሳት፣ ዓመቶቹ ሁሉ የተጻፉት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ስለ ቃልም አንድ ነገር እንበል። ቀድሞ «አካለ ስንኩል» ይባል ነበር፤ ዛሬ «አካል ጉዳተኛ» እንላለን። ቃሉ መለወጡ መልካም ነው። ነገር ግን ቃሉ ተለውጦ አስተያየታችን እንደ ነበረ ከቀረ፣ ያደስነው የበሩን ቀለም ብቻ ነው፤ በሩ እንደ ተዘጋ ነው።

ከትርኢት ቤት እስከ ሆስፒታል

ብዙ ሰው አካል ጉዳተኛ ወደ መድረክ የወጣው በቅርቡ ይመስለዋል። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ አካል ጉዳተኛው ከመድረክ ርቆ አያውቅም፤ የራቀው ከባለቤትነት ነው። በ1841 ፒ. ቲ. ባርነም የተባለው አሜሪካዊ ነጋዴ በኒው ዮርክ ከተማ የአሜሪካ ሙዚየም የሚባለውን ቤት ገዛ። እዚያም ከታሸጉ አራዊትና ከልዩ ልዩ ጉድ ጋር ሰዎችንም ለትርኢት አቀረበ፤ በጣም አጭር የሆኑ፣ በጣም ረጅም የሆኑ፣ እጅ ወይም እግር የሌላቸው። ከሁሉም ዝነኛ የሆነው ቻርልስ ስትራተን ነው፤ የመድረክ ስሙ ጄኔራል ቶም ተም። ባርነም በ1842 ሲያገኘው ልጁ ገና የ4 ዓመት ሕፃን ነበር። ለሕዝብ የተነገረው ግን 11 ዓመቱ ነው ተብሎ ነው፤ ልጁ ትልቅ በተባለ ቁጥር ቁመቱ ይበልጥ ጉድ ይሆናላ!

ወደ እንግሊዝ አገር ስንሻገር ጆዜፍ ሜሪክን እናገኛለን፤ «የዝሆኑ ሰው» የተባለው ነው። ሜሪክ ሰውነቱ በሕመም ስላበጠና ስለተጣመመ ሥራ የሚሰጠው አጥቶ በሌስተር ከተማ የድሆች መጠለያ ውስጥ ዓመታት አሳልፏል። ከዚያ የወጣው ራሱ ለትርኢት ነጋዴዎች ደብዳቤ ጽፎ ነው። በ1884 በለንደን፣ በዋይትቻፕል መንገድ፣ ከሆስፒታሉ ፊት ለፊት ባለ ሱቅ ውስጥ ይታይ ጀመር። ከሆስፒታሉ መንገድ ተሻግሮ ያየው ዶክተር ፍሬደሪክ ትሪቭስ ደግሞ በዚያው ዓመት ወስዶ በሐኪሞች ማኅበር ስብሰባ ላይ አሳየው። ሜሪክ ኋላ ወደ አውሮፓ ሄዶ ያጠራቀመውን ገንዘብ ተዘርፎ ተመለሰ፤ በመጨረሻ በዚያው ሆስፒታል ሲኖር በ1890 በ27 ዓመቱ ሞተ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። በሱቁ ውስጥ ገንዘብ ከፍሎ የሚያየው ሕዝብ «ጨካኝ» ተብሏል፤ በስብሰባው አዳራሽ በነፃ የሚያየው ሐኪም ደግሞ «ደግ» ተብሏል። ለሜሪክ ግን በሁለቱም ቦታ የሚታየው እሱ ነው። ልዩነቱ በሱቁ ውስጥ ቢያንስ ከገቢው ድርሻ ነበረው። ይህን የምንለው የትርኢት ሱቁን ለማመስገን አይደለም። ሜሪክን ወደ ሱቁ የገፋው ድህነትና የመጠለያው መከራ ነው። ነገር ግን ርኅራኄም ሌላ ዓይነት ትርኢት ሊሆን እንደሚችል ልብ እንበል።

ጊዜው ሲለወጥ የጉድ ትርኢቱ ቀስ በቀስ ነውር ሆነ። ታዲያ ቲያትር ምን አደረገ? ታሪኩን ወሰደ፣ ሰውየውን ተወ። በ1977 በርናርድ ፖመራንስ የሜሪክን ሕይወት ተውኔት አድርጎ ሲያቀርብ፣ ክፍሉን የሚይዘው ተዋናይ ያለ ምንም የፊት ቅብ ሰውነቱን በማጣመም ብቻ ሜሪክን እንዲያሳይ ተደረገ። የሼክስፒር ንጉሥ ሪቻርድ ሦስተኛም እንደዚሁ ነው። ጀርባ ቀጥ ያሉ ታላላቅ ተዋንያን ጀርባቸውን አጉብጠው ለብዙ መቶ ዓመታት ሲጫወቱት ኖረዋል። በ1984 አንተኒ ሸር በሁለት ክራንች እየተወረወረ የተጫወተው ሪቻርድ እስከ ዛሬ ይወሳል። የሮያል ሼክስፒር ቡድን ግን ይህን ክፍል አካል ጉዳተኛ ለሆነ ተዋናይ፣ ለአርተር ሂዩዝ፣ የሰጠው በ2022 ነው። እንግዲህ ለአካል ጉዳተኛው ሁለት መንገድ ብቻ ቀርቦለት ነበር ማለት ነው፤ ወይ ራሱ ጉድ ሆኖ መታየት፣ ወይ ሌላው እሱን መስሎ ሲጨበጨብለት ከታች ተቀምጦ ማየት። እኛም በክበባችን ያደረግነው ሁለተኛውን ነው።

መስማት የተሳነው ልጅ ዐይን

የሙከራ ቲያትር ይህን በር ገፋ ያደረገው ሳያስበው ነው ማለት ይቻላል። በ1960ዎቹ መጨረሻ ሮበርት ዊልሰን የተባለ ወጣት አሜሪካዊ በኒው ጀርሲ በመንገድ ሲያልፍ አንድ ፖሊስ ጥቁር ልጅ ሊመታ ዱላ ሲያነሣ አየ። ጣልቃ ገባ። ልጁ ሬይመንድ አንድሩስ ይባላል፤ መስማት የተሳነው ነው፤ ቋንቋ የሚባል ነገር ያስተማረው ሰውም አልነበረም። ዊልሰን ልጁን ወስዶ አሳደገው። ዊልሰን ራሱ በልጅነቱ ንግግር ያስቸግረው የነበረና በአንዲት የዳንስ አስተማሪ እርዳታ የተሻለው ሰው ነው። ስለዚህ ልጁ በቃል ሳይሆን በሥዕልና በእንቅስቃሴ እንደሚያስብ ለመረዳት ጊዜ አልፈጀበትም።

ከልጁ ሥዕሎችና ሕልሞች የተሠራው ትርኢት «የመስማት የተሳነው ሰው እይታ» በሚል ስም በ1970 በአሜሪካ፣ በ1971 በፈረንሳይ ታየ። ለሰዓታት የሚዘልቅ፣ ንግግር የሌለበት ሥራ ነው። በመክፈቻው ጥቁር ልብስ የለበሰች እናት እጅግ በዝግታ ለልጇ ወተት ትሰጠዋለች፤ በዚያው ዝግታ በቢላዋ ትወጋዋለች። ሬይመንድም በመድረኩ ላይ ተቀምጦ ያያል። ፈረንሳዊው ባለቅኔ ሉዊ አራጎን ይህን አይቶ፣ ከሞተ 5 ዓመት ለሆነው ለጓደኛው ለአንድሬ ብረቶን ግልጽ ደብዳቤ ጻፈ፤ ያ ሁሉ ዘመን ያለምነው ጥበብ ይኸውና መጣ የሚል መንፈስ ያለው ደብዳቤ። ቀጥሎ ዊልሰን ኦቲዝም ያለበትን ወጣት ክሪስቶፈር ኖውልስን አገኘ። የኖውልስ የሚደጋገሙና የሚደራረቡ ጽሑፎች በ1976 በአቪኞን ለታየው «አንስታይን በባሕር ዳርቻ» ለተባለው ኦፔራ ቃል ሆኑ፤ ሙዚቃው የፊሊፕ ግላስ ነው።

ይህ ትልቅ ለውጥ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ጉዳት የተባለው ነገር የትርኢቱ ርእስ መሆኑ ቀርቶ የትርኢቱ አሠራር ሆነ። ተመልካቹ ሬይመንድን ከማየት አልፎ ሬይመንድ እንደሚያየው ማየት ጀመረ። ያም ሆኖ አንድ ጥያቄ ይቀራል። እስከ 2025 እስከ ሞተበት ድረስ በዓለም የታወቀው ስም የዊልሰን ነው። የልጁ ዐይን ለዊልሰን አዲስ ቲያትር ሰጠው፤ ለልጁስ? በክበባችን በዚህ ላይ ስንከራከር ውለን አድረናል። ግማሾቻችን «ከፖሊስ ዱላ አድኖታል፣ አሳድጎታል፣ ከዚህ ወዲያ ምን ይጠየቃል?» አልን። ሌሎቻችን ደግሞ «ውለታና ደራሲነት ለየብቻ ናቸው» አልን። የኋለኛው ታሪክ የሁለተኞቹን ሐሳብ የሚደግፍ ይመስለናል።

አንድ ዐይን ለሦስት እህቶች

በ1970ዎቹ በእንግሊዝ አገር አካል ጉዳተኞች ራሳቸው መደራጀት ጀመሩ። ከመካከላቸው አንዱ ማኅበር በ1976 ባወጣው ጽሑፍ ነገሩን ገለበጠው፤ ሰውን አካል ጉዳተኛ የሚያደርገው ኅብረተሰቡ ነው አለ። በቀላል አማርኛ፣ ሰውየውን ከአዳራሹ ያስቀረው እግሩ አይደለም፣ ደረጃው ነው። ማይክ ኦሊቨር የተባለው ምሁር ይህን አስተሳሰብ በ1983 ጽፎ አስፋፋው። ለቲያትርም የሚበጅ ሐሳብ ነው። ጉዳቱ በግንባታው ላይ ከሆነ፣ ቲያትር ቤት ራሱ እንደ ገና መገንባት አለበት ማለት ነውና።

ናቢል ሻባን በዮርዳኖስ አገር የተወለደ፣ አጥንቱ በቀላሉ የሚሰበር፣ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ሰው ነው። ተዋናይ መሆን ፈለገ፤ የዚያን ጊዜ የቲያትር ትምህርት ቤቶች በር ግን ለእሱ ዓይነቱ አይከፈትም ነበር። በኮቨንትሪ በሚገኝ ኮሌጅ ሲማር ከመምህሩ ከሪቻርድ ቶምሊንሰን ጋር ተውኔት ይሠሩ ጀመር፤ በ1980 ሁለቱ አንድ ሆነው «ግራያይ» የተባለውን ቡድን መሠረቱ። ስሙ ከግሪክ አፈ ታሪክ የተወሰደ ነው፤ ግራያይ አንድ ዐይንና አንድ ጥርስ ለሦስት የሚጋሩ አሮጊት እህቶች ናቸው። እንደዚህ በራሱ ላይ የሚቀልድ ስም ያወጣ ቡድን ከንፈር መጣጭ እንደማይፈልግ ግልጽ ነው። የመጀመሪያ ሥራቸው ርእስ ራሱ «የጎን ትርኢት» እንደ ማለት ነበር፤ የባርነምን ዘመን ሆን ብለው ጠሩት። እናንተ ልታዩን መጣችሁ፣ እኛ ደግሞ አመጣጣችሁን እናያለን እንደ ማለት ነው።

የተባበሩት መንግሥታት 1981ን የአካል ጉዳተኞች ዓመት ብሎ ሲሰይም፣ በልጅነቱ ፖሊዮ የያዘው ዘፋኝ ኢያን ዱሪ በዓመቱ ላይ የሚያፌዝ ቁጡ ዘፈን አወጣ፤ ቢቢሲ ከምሽት በፊት እንዳይሰማ አደረገው። ከ31 ዓመት በኋላ፣ በነሐሴ 2012፣ በለንደን የፓራሊምፒክ መክፈቻ ላይ ያው ዘፈን ዓለም እያየ በስታዲየሙ ውስጥ ተዘፈነ። ከመክፈቻው ሁለት አዘጋጆች አንዷ ከ1997 ጀምሮ የግራያይ የጥበብ መሪ የሆነችው ጄኒ ሲሊ ነበረች። ሲሊ መስማት የተሳናት ከ7 ዓመቷ ጀምሮ ነው።

ሲሊ በአሠራር በኩል ያመጣችው ነገር ለእኛ እጅግ ጠቃሚ ነው። እስከዚያ ድረስ የምልክት ቋንቋ ተርጓሚ ከመድረኩ ጥግ፣ ከመጋረጃው አጠገብ፣ እንደ ያልተጠራ እንግዳ ይቆማል። ለዐይነ ስውራን የሚሆን ማብራሪያም ካለ በጆሮ ማዳመጫ ለብቻቸው ይነገራቸዋል። ግራያይ ግን ሁለቱንም ወደ ሥራው ልብ አስገባ። በ2006 የሣራ ኬንን «ብላስትድ» የተባለ ተውኔት ሲያቀርቡ፣ ተዋንያኑ የመድረክ መመሪያውን ጭምር ጮክ ብለው ተናገሩት። ያ ተውኔት ጭካኔ የሞላበት ነው። ተዋናዩ ጭካኔውን በማሳየት ፈንታ በቃል ሲናገረው፣ የሚያየውም የማያየውም ተመልካች እኩል ይሰቀጥጠዋል። ለዐይነ ስውሩ ተብሎ የተከፈተው በር ለሁሉም አዲስ መግቢያ ሆነ ማለት ነው።

ከወደቀች በኋላ

ወደ ዳንስ እንሂድ። ሰለስት ዳንደከር የለንደን ዘመናዊ ዳንስ ቲያትር ዳንሰኛ ነበረች። በ1973 በማንችስተር በመድረክ ላይ ስትጨፍር ወድቃ አከርካሪዋ ተጎዳ፤ ከዚያ በኋላ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ቀረች። ለብዙ ዓመት ከመድረክ ከራቀች በኋላ በ1991 ከአዳም ቤንጃሚን ጋር «ካንዱኮ» የተባለውን ቡድን አቋቋመች፤ አካል ጉዳተኛና ጉዳት የሌለበት ዳንሰኛ አብረው የሚሠሩበት ነው። ከዳንሰኞቹ አንዱ ዴቪድ ቱል እግር አልነበረውም፤ በፖስታ ቤት ሲሠራ የነበረ ሰው ነው። በእጆቹ ቆሞ ሲንቀሳቀስ ያዩ ሁሉ ስለ ጎደለው እግር ሳይሆን ስለ ክንዱ ኃይልና ስለ ፍጥነቱ ያወሩ ነበር። ቱል በ2020 አረፈ።

ይህ ታሪክ ወደ እኛም አገር ይደርሳል። በ1990ዎቹ አጋማሽ ሮይስተን ማልዱም የተባለ እንግሊዛዊ የዳንስ አቀናባሪ በአዲስ አበባ ከጎዳና ልጆች ጋር ትልቅ የዳንስ ሥራ አቀረበ። ሥራው የተጀመረው መንታ የወለዱ ድሃ ቤተሰቦችን ይረዳ ከነበረው ከጀሚናይ ድርጅት ጋር ነው። ከእነዚያ ልጆች የተመረጡት ለዓመታት ሠልጥነው «አዱኛ» የሚባለው የማኅበረሰብ ዳንስ ቲያትር ሆኑ። ቆይቶም የካንዱኮው አዳም ቤንጃሚን መጥቶ ከአዱኛ ጋር ሠራ፤ ከዚህም አካል ጉዳተኛ ወጣቶችን ያቀፈ «አዱኛ ፖቴንሻልስ» የተባለ ቡድን ተወለደ። እንግዲህ «እንዲህ ያለው ነገር የፈረንጅ ቅንጦት ነው» የሚል ወገን ካለ መልሱ ይኸው፤ በዚህችው ከተማ፣ በጎዳና ባደጉ ልጆችና በእኩዮቻቸው እጅና እግር ተሠርቷል።

አንድ ደቂቃ

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ ደረስን። አካል ጉዳተኛው በራሱ ፈቃድ «እዩኝ» ሲል ከጉድ ትርኢቱ በምን ይለያል? ማት ፍሬዘር ይህን ጥያቄ ፊት ለፊት ገጠመው። ፍሬዘር እናቶች በእርግዝና ጊዜ በወሰዱት ታሊዶማይድ በተባለው መድኃኒት ምክንያት እጆቻቸው አጥረው ከተወለዱት አንዱ ነው። በ2001 ባቀረበው ሥራ ሁለት ሰው ሆኖ ተጫወተ። አንዱ እንደ እሱ ያለ እጅ የነበረው፣ በአሜሪካ የትርኢት ድንኳኖች «የባሕር ውሻው ልጅ» እየተባለ ሲታይ የኖረ ሰው ነው። ሌላው በዘመናችን ያለ፣ በተዋናይነቱ ብቻ መታየት የሚፈልግ ተዋናይ ነው። ተመልካቹ ሁለቱን ሲያይ ይጨነቃል። የመጀመሪያውን ለማየት መጣሁ እንዳይል ነውር ነው፤ ሁለተኛውን ለማየት መጣሁ ቢል ደግሞ እውነት መሆኑን እርግጠኛ አይደለም።

በ1987 በአውስትራሊያ በጂሎንግ ከተማ የተመሠረተው «ባክ ቱ ባክ» የተባለ ቡድን ይህን ጭንቀት ወደ አደባባይ አወጣው። ተዋንያኑ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ወይም እንደዚያ የተባሉ ሰዎች ናቸው፤ ሥራውንም አብረው ይደርሱታል። በ2005 «ትናንሽ የብረት ነገሮች» የተባለ ሥራቸው በሜልበርን ባቡር ጣቢያ ታየ። ተመልካቹ የጆሮ ማዳመጫ አድርጎ በረድፍ ይቀመጣል፤ ተዋንያኑ ግን ባቡር በሚጠብቀው ሕዝብ መካከል ናቸው። ድምፃቸው ይሰማል፣ የቱ እንደሆኑ ለመለየት ግን ሕዝቡን ሁሉ መፈተሽ ያስፈልጋል። የሚቸኩሉ ባለገንዘቦች ይመጣሉ፤ ስቲቭ የተባለው ገጸ ባሕርይ ግን ከቆመበት አልንቀሳቀስም ይላል። ገንዘብም ልመናም አያንቀሳቅሰውም። ያም «እምቢ» ድራማው ነው። የሚያልፈው ሕዝብ ደግሞ ሳያውቀው ትርኢት ይሆናል።

በ2011 ያቀረቡት ሥራ ይበልጥ ደፋር ነው። የዝሆን ራስ ያለው የሂንዱ አምላክ ጋኔሽ፣ ናዚዎች የወሰዱትን የስዋስቲካ ምልክት ለማስመለስ ወደ ጀርመን ይጓዛል። የቦታው ምርጫ በዘፈቀደ አይደለም። በናዚ ጀርመን ከ1940 እስከ 1941 ባለው ጊዜ ብቻ ከ70,000 በላይ አካል ጉዳተኞችና የአእምሮ ሕሙማን በጋዝ ተገድለዋል። ከዚህ ታሪክ ጎን ለጎን ግን ሌላ ታሪክ ይሄዳል፤ ይህንኑ ተውኔት ሲለማመዱ ጉዳት የሌለበት አዘጋጅ ተዋንያኑን ሲያዋርድ ይታያል። ተዋንያኑም «ይህን ታሪክ የመንገር መብት አለን ወይ?» እያሉ ይከራከራሉ። ቡድኑ በ2022 ዓለም አቀፉን የኢብሰን ሽልማት፣ በ2024 ደግሞ የቬኒስ ቢየናሌን ወርቃማ አንበሳ ለዕድሜ ልክ ሥራው ተቀብሏል። ሽልማቱ የተሰጠው ለጥበብ እንጂ ለምጽዋት አይደለም።

በ2012 ደግሞ ፈረንሳዊው ዤሮም ቤል ከዙሪኩ «ሆራ» ቲያትር ጋር አንድ ሥራ አቀረበ። ሆራ በ1993 የተመሠረተ፣ ተዋንያኑ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ቡድን ነው። ሥራው እንዲህ ይጀምራል፤ ተዋንያኑ አንድ በአንድ ወጥተው ለአንድ ደቂቃ ያህል ዝም ብለው ተመልካቹ ፊት ይቆማሉ። አንድ ደቂቃ ረጅም ነው። ተመልካቹ መጀመሪያ ያፈጣል፣ ቀጥሎ ያፍራል፣ ቀጥሎ ራሱ እየታየ መሆኑን ይገነዘባል። ከዚያ ስማቸውን፣ ዕድሜያቸውንና ሥራቸውን ይናገራሉ፤ ሥራዬ ተዋናይ ነው ይላሉ። ጉዳታቸውንም ይናገራሉ፤ በመረጡት ሙዚቃም ይጨፍራሉ። ቤል ከጭፈራዎቹ ሰባቱን ብቻ መርጦ ነበር። ስለ ሥራው ሐሳባቸውን ሲጠየቁ አንዱ እናቱ የጉድ ትርኢት ነው እንዳለች፣ ይሁን እንጂ በጣም እንደ ወደደችው ይናገራል። ሳይመረጥ የቀረ ደግሞ ቅሬታውን ያሰማል፤ በመጨረሻም የቀሩት ይጨፍራሉ።

ይህ ሥራ ተደነቀም ተወቀሰም። ከተዋንያኑ አንዷ ዩልያ ሆይዘርማን በ2013 በበርሊን የአልፍሬድ ኬር የትወና ሽልማት አገኘች። ወቃሾቹ ደግሞ ሕጉን ያወጣው፣ ማን ይጨፍር ማን አይጨፍር ብሎ የመረጠው ቤል ነው፤ ታዲያ ከባርነም በምን ይሻላል? አሉ። እኛ የሚመስለን ሁለቱም ወገኖች እውነት አላቸው። ነገር ግን ከባርነም ቤት አንድ ነገር ይለየዋል፤ እዚህ ቅሬታው ራሱ መድረክ ላይ ወጣ። የቶም ተም ሐሳብ ምን እንደ ነበር ተመልካቹ አልተነገረውም። ሆራም ቢሆን በዚያ አላቆመም። ከዚያ በኋላ ተዋንያኑ ራሳቸው አዘጋጅ ሆነው፣ የራሳቸውን ትርኢት የሚመሩበት የብዙ ዓመት ሥራ ጀመረ። የሬይመንድ አንድሩስ ጥያቄ መልስ ያገኘው እዚህ ይመስለናል።

የተመልካቹ ወንበር

እስካሁን ስለ መድረኩ አወራን፤ ስለ ወንበሩስ? እንግሊዛዊቷ ጄስ ቶም ቱሬት የተባለው የነርቭ ሁኔታ አለባት፤ ሳትፈልግ ድምፅ ታወጣለች፣ ሰውነቷም ይንቀሳቀሳል። በ2011 አንድ ትርኢት ለማየት ገብታ ሳለ ድምፅዋ ሌሎችን ስለ ረበሸ ለብቻዋ በድምፅ መቆጣጠሪያ ክፍል ውስጥ ተቀምጣ እንድታይ ተጠየቀች። አለቀሰች። ኋላ ግን አንድ ነገር አሰበች፤ ማንም የማያስወጣኝ ብቸኛ ወንበር የመድረኩ ነው አለች። በ2014 የራሷን ትርኢት ይዛ ወጣች። በ2017 ደግሞ የቤኬትን «እኔ አይደለሁም» የሚለውን ሥራ ተጫወተች። በዚያ ሥራ በጨለማ ውስጥ አንዲት አፍ ብቻ ሳታቋርጥ ትናገራለች፤ አፏን ማቆም ለማትችል ሴት ከዚህ የተሻለ ክፍል ከየት ይገኛል? ተመልካቹም መነሣት፣ መንቀሳቀስ፣ ድምፅ ማሰማት እንዲችል ተፈቀደለት። ዝምታን የቲያትር ሕግ አድርገን የያዝነው እኛው ነን እንጂ ከሰማይ የወረደ አይደለም።

እንግዲህ ክሩን እንቋጭ። ከባርነም ቤት እስከ ሜልበርን ባቡር ጣቢያ የተጓዝነው የአካል ጉዳተኛውን ወደ መድረክ መውጣት ለማየት አልነበረም፤ እሱ ከድሮም እዚያው ነበር። የተለወጠው ሥልጣኑ ነው። ስለዚህ አንድን ትርኢት ስናይ «ያሳዝናል? ያስደንቃል?» ብለን ከመጠየቃችን በፊት፣ «ማን ደረሰው? ማን አዘጋጀው? ማን እምቢ ማለት ይችላል?» ብለን ብንጠይቅ ይሻላል። ማሳዘንም ማስደነቅም ከባርነም ዘመን ጀምሮ ነበሩ፤ እነዚህ ሦስቱ ናቸው አዲስ።

ይህን ሁሉ ካነበብንና ከተከራከርን በኋላ ተሰብስበን ወደዚያ ጓደኛችን ሄድን። ጥፋታችንን ነገርነው። ለዘንድሮው ዝግጅት ያቺኑ ተውኔት አሻሽለን እንደምናቀርብና የዐይነ ስውሩን አባት ክፍል ለእሱ እንዳሰብንለት ኩራት ቢጤ እየተሰማን አስረዳነው። ዝም ብሎ ሰማን። ከዚያ «የአባትየውን ክፍል አልፈልግም» አለ። ደነገጥን፤ ታዲያ ምን? አልነው።

«ማዘጋጀት ነው የምፈልገው» አለን። «በመጀመሪያ ግን ጽሑፉን በብሬል አስገልብጡልኝ፤ ያ የምትሉት አባት ቤቱን እንዴት እንደሚያውቀው ደራሲው ረስቶታል መሰለኝ።»

ይህች ጽሑፍ ስትታተም ግልበጣው ገና አላለቀም። ልምምድ ስንጀምር አዘጋጁ እሱ ነው።